«ሥራህ ምንድን ነው?» ስለሚባለው ጥያቄ

ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ድግስ ላይ ጎን ለጎን በተቀመጡ ጊዜ፤ ከሰላምታ ቀጥሎ ስለ ጤናና ስለ አገር ይጠያየቃሉ፤ ከዚያም በኋላ «ሥራህ ምንድን ነው?» ይባባላሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን መልሱን ልብ ብሎ የሰማ ሰው ብዙ ነገር ያስተውላል። አንዱ ቀና ብሎ «በእገሌ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነኝ» ይላል። ሁለተኛው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የግል ሥራ እሠራለሁ» ይልና ወሬውን ወደ ዝናሙና ወደ ኑሮው ውድነት ያዞረዋል።

ይህ «የግል ሥራ» የሚባለው ቃል ሰፊ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው በስተኋላ ባለ ብዙ ሀብት ነጋዴ ይኖር ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚገኘው በእጁ ሥራ የሚያድረው ሰው ነው፤ ይኸውም ሸማኔው፤ ብረት ሠሪው፤ ጫማ ሰፊው፤ ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። እንጀራውን የሚያገኝበትን ሥራ በስሙ ጠርቶ ለመናገር የሚያፍር ሰው፤ ከሥራው ድካም ይልቅ የሥራው ስም የከበደው ነው። እኛም ዛሬ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው፤ ነገሩ የመንግሥትና የገበያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በየቤታችን በማዕድ ዙሪያ የሚወሰን የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑን ስለ ተረዳነው ነው።

በቀድሞው ያገራችን ሥርዓት ክብር የሚለካው በመሬት ነበረ። ርስት ያለው ያርሳል ወይም ያሳርሳል፤ ጉልት የተሰጠው ያስገብራል፤ ወታደሩ ይዘምታል፤ ካህኑ ይቀድሳል። ርስት የሌለው ወገን ግን የሚቀረው የገዛ እጁ ብቻ ነበረ። ስለዚህ ብረት መቀጥቀጥ፤ ሸክላ መሥራት፤ ቆዳ መፋቅ፤ ሸማ መሥራት በብዙ ስፍራ መሬት በተነፈጋቸው ሰዎች እጅ ቀረ። ሰዎቹም መሬት ስለሌላቸው ተናቁ፤ ሥራውም እነርሱ ስለ ሠሩት ተናቀ፤ ከጊዜ በኋላም የትኛው ንቀት የትኛውን እንደ ወለደ ለመለየት የማይቻል ሆነ።

በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ለዚህ ነገር ምስክር ናቸው። ወንዶቹ ብረት እየቀጠቀጡና ሸማ እየሠሩ፤ ሴቶቹም ሸክላ እየሠሩ ለጎረቤቶቻቸው ማረሻውንና ምጣዱን ያቀርቡ ነበር። ጎረቤቶቻቸውም ቀን በማረሻው አርሰው፤ በምጣዱ ጋግረው ከበሉ በኋላ፤ ማታ ማታ «ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያሉ ልጆቻቸውን ያስፈራሩ ነበር። ከእነዚህም ሰዎች ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም እና በ1983 ዓ.ም በአውሮፕላን ተጭነው ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። ስሙ ግን አብሮአቸው አልተሳፈረም፤ እዚሁ ቀርቶ ዛሬም በአንዳንድ ስፍራ በሌላው ብረት ሠሪ ላይ ሲለጠፍ ይሰማል።

የሚያስደንቀውም ነገር፤ ለስድብ የምንገለገልበት ቃል ራሱ ከመጀመሪያው ስድብ አልነበረም። «ጠይብ» የሚለው ቃል የወጣው «ጠቢብ» ከሚለው ነው፤ ትርጓሜውም ዐዋቂ ማለት ነው። እንደዚሁም በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚሠራውን ጌጥ «ጥበብ» ብለን እንጠራዋለን። ለብሰነው ቤተ ክርስቲያን የምንስመውንና በሠርግ የምናጌጥበትን ልብስ ጥበብ እያልን፤ ጥበቡን በጣቱ ያወጣውን ሰው ግን ከማዕዳችን ማራቃችን አስተዋይ ሰው የሚቀበለው ነገር አይደለም።

የላሊበላን ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት የሚያይ ሰው፤ ከአንድ ዐለት ተፈልፍለው የወጡ መሆናቸውን በተመለከተ ጊዜ ምንኛ ብዙ እጅ ምንኛ ብዙ ዘመን እንደ ደከመባቸው ያስባል። ያገራችን ትውፊት ቀን ሰዎች ሲጠርቡ ይውሉ ነበር፤ ሌሊት ደግሞ መላእክት ሥራውን ተቀብለው ያድሩበት ነበር ይላል። ይህን ትውፊት ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በአክብሮት ሰምተነዋል። ነገር ግን ትውፊቱ የሚያስተምረንን ሌላውን ትምህርት ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን፤ እርሱም መላእክት እንኳ መሮና መዶሻ ለመያዝ እንዳልተጸየፉ ነው።

ከነገሥታቶቻችንም ቢሆን የእጅ ሥራን ያከበሩ አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ባሠሩ ጊዜ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ሠራተኛውን እንዳበረታቱ በዘመናቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል፤ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋትም ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያሠሩት የብረት ሥራ ያገር ኃይል መሆኑን ስለ ተረዱ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም በመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሾሙ። በዚያው በ1900 ዓ.ም ደግሞ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር፤ ቀጥቃጩም፤ ሸማኔውም፤ ነጋዴውም፤ አራሹም በሞያው እንዳይነቀፍ አዋጅ አስነገሩ። ለሹመኛው ክብር ሥርዓት ባቆሙበት ዓመት ለብረት ሠሪውም ክብር አዋጅ ማውጣታቸው በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለንም፤ ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው እንደማይቆም ያስተዋሉ ይመስለናል።

ከዚያም ወዲህ ሕግ ዝም አላለም። በ1930ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ስሙም ራሱ የእጅ ሥራ ማለት ነው። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ የርስትና የጉልት ሥርዓትም አበቃ። በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ ማንም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውንና ሞያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ደነገገ። እንግዲህ የንቀቱ ሥር ርስት ከነበረ ሥሩ ከተነቀለ ከዐምሳ ዓመት በላይ ሆነ፤ ጥላው ግን ቆሞ ቀርቶአል። ጥላውን የሚያቆመው ማን ነው ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ፤ መልሱ የሚገኘው በፍርድ ቤት ሳይሆን በጓዳችን ነው።

ይህንም የምንለው በመጽሐፍ ስላነበብን ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የታላቅ እኅታችንን ልጅ ለማግባት አንድ ወጣት ሽማግሎች ላከ። ወጣቱ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ነው፤ አባቱና አያቱም በአንድ የሸዋ ወረዳ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ነበሩ። ሽማግሎቹ እንደ ወጉ ቆመው ነገሩን ተናገሩ፤ ተቀመጡም፤ ቡናም ተፈላላቸው። እኅታችን በአክብሮት ከሸኟቸው በኋላ እኛን ወደ ጓዳ ጠሩንና፤

«ወንድሜ፤ ልጁ ጨዋ መሆኑን አላጣሁትም፤ ኑሮውም ከእኛ ኑሮ አያንስም። ነገር ግን አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻችን ‹የማን ልጅ ናት የሚያገባት?› ባሉኝ ጊዜ ምን ብዬ ልመልስ? የቀጥቃጭ ልጅ ልበል?» አሉን።

እኛም «እትዬ፤ የሆነውን ይበሏቸው» አልናቸው።

እርሳቸውም «አንተ ዕድሜህን በመሥሪያ ቤት ስለ ጨረስህ ቀላል ይመስልሃል፤ አንተን ማንም ሥራህ ምንድን ነው ብሎ አሳፍሮህ አያውቅም» አሉን። ንግግራቸው እውነት ስለ ነበረ መልስ አልሰጠናቸውም።

ሰው የማያውቀውን ነገር ደግፎም ነቅፎም ቢናገር ቃሉ አይጸናም፤ ስለዚህ አይተን ለመመስከር አንድ ቀን ወደ ወጣቱ መሥሪያ ስፍራ ሄድን። ስፍራው መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ነው። ምናለሽ ተራ ያረጀ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ገበያ ነው፤ የዘይት በርሜል ተቀድዶና ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ቁርጥራጩ ላሜራ ባልዲና መጥበሻ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ከጧት ጀምሮ እስከ ማታ አያቋርጥም። እዚያ ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው «ኢትዮጵያዊ ሥራ አይወድም» የሚለውን ወሬ ዳግመኛ ሊያወራ አይችልም።

ወጣቱን ያገኘነው ከሁለት ሠራተኞቹ ጋራ አንድ ሰፊ የግቢ በር ሲሠራ ነው። ቱቦላሬውን በሜትር ይለካል፤ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ ይቆርጣል፤ ማዕዘኑ የቀና መሆኑን ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ይመለከታል፤ ከዚያም በኋላ መከላከያውን በፊቱ ላይ አድርጎ ይበይዳል። ሥራውን ጨርሶ እጁን ከታጠበ በኋላ በአንድ ጠባብ ወንበር ላይ አስቀምጦን ሻይ አስመጣልን። እኛም ሥራውን ይወደው እንደ ሆነ በግልጽ ጠየቅነው። እርሱም ጥቂት አሰብ አድርጎ እንዲህ አለን፤

«ጋሼ፤ ብረት ሐሰት አይወድም። ብየዳው ካልያዘ ዛሬ ባያስታውቅ ነገ በሩ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ማን እንደ ሠራው ይታወቃል። ስለዚህ ማታ ስተኛ የዋልሁበትን አውቀዋለሁ። ይህን እወድደዋለሁ። የማልወደውም አለ፤ ብልጭታው ዐይን ይጎዳል፤ ጭሱ ደረት ይይዛል፤ ክረምት ሲገባ ቤት የሚሠራው ሰው ስለሚያንስ እኛም ሥራ ፈትተን እንቀመጣለን፤ ተዋውሎ ካሠራ በኋላ በዋጋው የሚጨቃጨቅም ሞልቶአል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ‹ልጄ ኮንትራክተር ነው› ትላለች። እኔን ለማክበር ብላ ነው። ነገር ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር በአባቴ መቃብር ላይ ያፈርን ይመስለኛል፤ እርሱ በዚያ መዶሻ ነው ሰባት ልጅ ያሳደገው።»

እኛም ወደ ቤታችን ስንመለስ ስለ ሁለቱ እናቶች እናስብ ነበር። አንደኛዋ ልጃቸውን ለብረት ሠሪ መስጠት አሳፍሮአቸዋል፤ ሁለተኛይቱም ልጅዋ ብረት ሠሪ መሆኑን ትደብቃለች። ሁለቱም ልጆቻቸውን የሚወድዱ ናቸው። የዚህ ነገር ክፋቱም ይህ ነው፤ ንቀት ከጠላት ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ መከላከሉ ቀላል ነበረ፤ በእናት ፍቅር ተጠቅልሎ ሲመጣ ግን ማን ይከላከለዋል?

እኅታችን በመጨረሻው እሺ አሉ፤ ዳሩ ግን አንድ ቃል አስከተሉ፤ ይኸውም በሠርጉ ቀን ሙሽራው ለዘመድ ሲተዋወቅ «ኢንጂነር» ተብሎ እንዲጠራ ነው። ወጣቱም በሽማግሎቹ አማካይነት «እናቴን እጅ እነሣለሁ፤ ነገር ግን ያልተማርሁትን ማዕረግ ለብሼ ልጃቸውን አልወስድም» ብሎ መልስ ላከ። ነገሩም ለሦስት ሳምንት ያህል ቆመ። በቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ እየተያዩ አይነጋገሩም ነበር። በመጨረሻ ዝምታውን የሰበረችው ልጅቱ ናት፤ «እማዬ፤ ዛሬ በዘመድ ፊት የደበቅነውን ሥራ ነገ ለምወልዳቸው ልጆች ምን ብዬ ልነግራቸው ነው?» አለቻቸው። እኅታችንም ለዚህ መልስ አላገኙም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ከሽማግሎቹ አንዱ ተነሥተው የሙሽራውን ስምና የአባቱን ስም ከጠሩ በኋላ «ሞያው የብረት ሥራ ነው፤ አባቱም አያቱም በዚሁ ሞያ የታወቁ ነበሩ» ብለው ተናገሩ። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ አጨበጨቡ፤ አንዳንዶቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከአገር ቤት ከተጠሩት ዘመዶቻችን መካከል ሁለት ቤተ ሰቦች ሳይመጡ ቀሩ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ከእኅታችን ቤት አይደርሱም። እኅታችን ይህ ነገር ያዝናቸዋል፤ አያዝናቸውም ብንል እውነት አይሆንም። ነገር ግን እንግዳ በመጣ ጊዜ «አማቼ ብረት ሠሪ ነው» ለማለት ዛሬ ድምፃቸው አይዝልም።

ከዚያም ወዲህ፤ ከሰው ጋራ በተገናኘን ቁጥር ሥራውን ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራው የሚሰማውን ጭምር እየጠየቅን እንሰማለን። ሽሮ ሜዳ ላይ ካገኘናቸው ሸማኔዎች አንዱ ከጋሞ አገር በልጅነታቸው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሴቶቹ ጥጡን ዳምጠውና ባዝተው በእንዝርት የፈተሉትን ክር ተቀብለው፤ ድሩን አድርተው፤ እግራቸውን ከጉድጓዱ አግብተው ከጧት ጀምሮ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ወገባቸው እንደሚያማቸው፤ በፋብሪካ የታተመ አስመስሎ የተሠራ ጨርቅ ገበያቸውን እንደ ነካባቸው ነገሩን። የሚያስደስታቸውን በጠየቅናቸው ጊዜ ግን ፊታቸው በራ። የጥምቀት ዕለት ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርድ እርሳቸው መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ከሚያልፈውም ሰው መካከል አንዲት የማያውቋት ሴት እርሳቸው የሠሩትን ጥለት ለብሳ ስታልፍ ያያሉ። «የኔ መሆኑን አውቀዋለሁ፤ እጄን አልስተውም። ለእርሷ ግን አልነግራትም፤ አይቼ ዝም ብዬ ደስ ይለኛል» አሉን።

አንዲት ሸክላ ሠሪም አነጋገርን። እርሷ የምትፈራው ሸክላው ከእሳት የሚወጣበትን ሰዓት ነው፤ ጭቃው በደንብ ካልተቦካ ወይም በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከነካው ምጣዱ ይሰነጠቃል፤ የብዙ ቀን ድካምም በአንድ ጧት ይጠፋል። ደኅና ሆኖ በወጣ ጊዜ ግን በጣትዋ ጫፍ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ድምፁ ጠርቶ ከተሰማ ያን ዕለት ምንም ነገር አያስከፋትም። ገበያ ላይ ደግሞ ምጣዱን ገዝተው ሲሄዱ እጅዋን ላለመንካት ገንዘቡን መሬት ላይ የሚያኖሩላት ሰዎች እንዳሉ ነገረችን። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ የለመደችው ነገር ነበረና።

የመሥሪያ ቤት ሰዎችስ? ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ እንደ እኛው ከወረቀት ጋራ የሚውሉ ስለሆኑ የራሳችንን ነገር ማስቀረት አይገባንም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገልንበት ሥራ ደብዳቤ መቀበል፤ መዝገብ መመርመር፤ ሐሳብ ጽፎ ወደ በላይ ማቅረብ ነው። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ሕፃን ልጃችን «ዛሬ ምን ሠራህ?» ብትለን በጣታችን የምናሳያት በር ወይም ምጣድ አልነበረንም። ይህ ነገር ብዙ ባልደረቦቻችንን በውስጣቸው እንደሚያደክማቸው እናውቃለን፤ ወንበሩ ይከበራል፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን የዋለበት ቀን ወዴት እንደ ሄደ አያውቀውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ተረት ያሳደገው ሰው ይህን ባዶነት በሌላ ነገር ሊሞላው ይሻል፤ ከዚያም የሚመጣውን ጥፋት ሁላችን እናውቀዋለን።

ሆኖም እኛም የጥምቀት ቀን አለን። አንድ ጊዜ የባልዋ የጡረታ ገንዘብ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ሲመላለስ ሁለት ዓመት የቆየባት አንዲት ባልቴት ወደ እኛ መጣች። መዝገቡን ፈልገን፤ የጎደለውን ማስረጃ አስመጥተን፤ በዐሥራ አንድ ቀን ፈጸምንላት። በሌላ ወር ተመልሳ መጥታ በደጁ ላይ ቆማ «ለልጆቼ ደብተር ገዛሁበት» ብላ መርቃን ሄደች። ከጻፍናቸው በሺህ ከሚቈጠሩ ደብዳቤዎች ይልቅ ያቺን አንዲት ገጽ እናስታውሳታለን። ያን ጊዜም የሸማኔው ደስታና የጸሐፊው ደስታ አንድ መሆኑን ተረዳነው። ሰው ሥራውን የሚወደው ሥራው የደረሰለትን ሰው ፊት ባየ ጊዜ ነው፤ ሥራውን የሚጠላው ደግሞ ሥራውን የሚንቁትን ሰዎች ዐይን ባየ ጊዜ ነው። እንግዲህ የደስታውም የኀዘኑም ምንጭ በእጁ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በእኛም ዐይን ውስጥ ነው ማለት ነው።

ይህ የዐይን ነገር ባሕር ሲሻገር እንዴት እንደሚለወጥ ማየትም ያስተምራል። በ1967 ዓ.ም ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙ የተማሩ ወገኖቻችን ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በዋሺንግተን ከተማ ታክሲ ከሚነዱትና የመኪና ማቆሚያ ከሚጠብቁት መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙ እንደሆኑ የታወቀ ነው። አገሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ሾፌር ከመባል ረኃብን ይመርጥ የነበረ ሰው፤ እዚያ በዚሁ ሥራ ልጆቹን አስተምሮ ዶክተር አድርጎአል፤ ለዘመዶቹም ገንዘብ ይልካል። እንደዚሁም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፤ ወደ ኩዌትና ወደ ኤሚሬትስ ሄደው በሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጆቻችን እጅግ ብዙዎች ናቸው። እዚህ ጎረቤት ቤት ተቀጥራ እንጀራ ብትጋግር ወላጆችዋ ለመናገር የሚያፍሩባት ልጅ፤ እዚያ ሄዳ ያንኑ ሥራ፤ ይልቁንም በባሰ ድካም ስትሠራ «ልጃችን ውጭ አገር ናት» ይባልላታል። ሥራው አንድ ነው፤ የተለወጠው እኛ አለማየታችን ነው። ለማፈር ዐይን የሚያስፈልገን ከሆነ፤ ኀፍረቱ የሥራው አይደለም፤ የዐይናችን ነው።

የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ? የምንመክረው ከባድ ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ፤ ልጆቻችንን ለትምህርት ለማትጋት ብለን «ካልተማርህ ሊስትሮ ትሆናለህ፤ የቀን ሠራተኛ ትሆናለህ» እያልን ማስፈራራት ይቅር። ልጁ ከዚህ ቃል የሚማረው ትምህርት መውደድን አይደለም፤ ጧት ጧት የአባቱን ጫማ የሚጠርገውን እኩያውን መናቅ ነው። ያ ሊስትሮ ምናልባት ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ፤ ለእናቱም ዳቦ የሚገዛ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፤ በቤታችን ያለውን ነገር የሠራውን ሰው ማወቅና ለልጆች መናገር ይገባናል። ጋቢው አራት ድርብ የሆነው በማን ድካም ነው? ጀበናው ከየት መጣ? በሩን ማን ሠራው? እኛ የፎቅና የመኪና ባለቤቶችን ስም በቃላችን እናውቃለን፤ የተኛንበትን አልጋ የሠራውን አናጢ ስም ግን አንጠይቅም። ስም መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ሦስተኛ፤ የእጅ ሥራ ስንገዛ የዋጋው ክርክር በልክ ይሁን። ባለ ሱቁ በተናገረው ዋጋ ከውጭ የመጣውን ዕቃ ዝም ብለን እየገዛን፤ ሳምንት የፈጀባትን ምጣድ ከምትሸጥ ሴት ጋራ በጥቂት ብር ግማሽ ሰዓት መከራከር ብልኅነት አይባልም። ገንዘቡም በእጅ ለእጅ ይሰጥ።

አራተኛ፤ በቤታችን የሚያገለግሉንን ሰዎች በስማቸው እንጥራ፤ ስናስተዋውቃቸውም ሥራቸውን ሳንሸፍን በአክብሮት እንናገር። ልጅ ስለ ሥራ ክብር የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኘው ወላጆቹ እንጀራ ያቀረበችላቸውን ሴት እንዴት እንደሚያነጋግሩ በማየት ነው። የመምህሩ ትምህርት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ለጋብቻ ሽማግሌ በመጣ ጊዜ «አጥንቱ ምንድን ነው?» ከማለት አስቀድመን «ሥራውን በእውነት ይሠራልን?» ብለን እንጠይቅ። ሥራውን በእውነት የሚሠራ ሰው ቤቱንም በእውነት ለመምራት የተለማመደ ነው።

አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል። በአደባባይ የሚፈጸመውን ስድብ አዋጅ ሊከለክለው ይችላል፤ በጓዳ በሹክሹክታ የሚነገረውን ግን የቤቱ ባለቤቶች ካልከለከሉት ሌላ የሚከለክለው ዳኛ የለም። በሚመጣው ድግስ ላይ ከጎናችን የተቀመጠውን ሰው ሥራውን በጠየቅነው ጊዜ፤ እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የግል ሥራ» ያለን እንደ ሆነ፤ ወሬውን ወደ ዝናሙ እንዲያዞረው አንተወው። በትሕትና «ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብለን እንጠይቀው፤ ከነገረንም በኋላ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያስረዳን እንለምነው። ስለ ሞያው የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ሳያስበው ድምፁ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ በማዕዱ ዙሪያ ያሉት ልጆቻችንም ይሰሙታል።